ማስጠንቀቂያው ከሹፌሩ ወንበር ሲታይ

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ቴስላ በአሜሪካ የሸጣቸውን ወደ 2.2 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖች ለማስተካከያ ጠርቶ ነበር። ምክንያቱ የፍሬን ወይም የባትሪ ብልሽት አልነበረም፤ የፍሬን፣ የእጅ ፍሬንና የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ማስጠንቀቂያዎች በስክሪኑ ላይ የተጻፉበት ፊደል የአገሪቱ ደንብ ከሚያዘው 3.2 ሚሊሜትር ቁመት አንሶ መገኘቱ ነበር። ጉድለቱን የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በመደበኛ ፍተሻ ደረሰበት፤ ኩባንያውም መኪኖቹን ጋራዥ ሳያስገባ፣ በኢንተርኔት በላከው ሶፍትዌር ፊደሉን አሳደገው።

ዜናው በተሰማ ሰሞን በየጋራዡ የነበረው አስተያየት «ለፊደል መጠን ተብሎ ይህን ያህል መኪና ይጠራል ወይ?» የሚል ነበር። እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝ፤ የዕለት ውሎዬም በሹፌሩ ፊት ለፊት የሚበሩት መብራቶች ለምን እንደበሩ መፈለግ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ስኖር እንደተረዳሁት የማስጠንቀቂያ ማሳያ ጥራት የሚለካው በአንድ ነገር ነው፦ ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገድ አንሥቶ እስኪመልስ ባለችው አጭር ጊዜ ውስጥ «አሁን ምን ላድርግ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት አለማግኘቱ። ከዚህ አንጻር ሲታይ ደንቡ የሚጠይቀው 3.2 ሚሊሜትር እንዲያውም ያንሳል እላለሁ።

የሹፌሩ ዓይን ከዳሽቦርዱ ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 80 ሴንቲሜትር ይርቃል። በዚህ ርቀት አንድ ፊደል መነበብ አለመነበቡን የሚወስነው ቁመቱ ዓይን ላይ የሚሠራው ማዕዘን ነው። አንድ ዲግሪ ለ60 ሲካፈል አንዱ ክፍል ደቂቃ ይባላል፤ በመኪና ውስጥ ስላሉ ማሳያዎች ተነባቢነት የወጣው አይኤስኦ 15008 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃም የፊደል ቁመት 20 ደቂቃ ቢሆን ይመረጣል፣ ከ12 ደቂቃ ግን ማነስ የለበትም ይላል። ሲሰላ 20 ደቂቃ በ70 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ 4 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። የአሜሪካው ዝቅተኛ ልክ በዚያው ርቀት ወደ 16 ደቂቃ ይደርሳል፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ በ80 ሴንቲሜትር ለሚቀመጥ ረጅም ሰው ደግሞ ወደ 14 ደቂቃ ይወርዳል። ከዚያም የሚያንስ ፊደል ጤነኛ ዓይን ላለው ወጣት እንኳ ትኩረት የሚጠይቅ ጽሑፍ ነው።

በዚህ ላይ ዕድሜ ይጨመራል። ሰው አርባዎቹን ሲያጋምስ የዓይኑ ሌንስ እየደረቀ ስለሚሄድ፣ ሩቅ ሲያይ የቆየ ዓይን ቅርብ ወዳለ ነገር ቶሎ መመለስ ይሳነዋል። ለንባብ የሚደረገው መነጽር የተሠራው መጽሐፍ በእጅ ተይዞ ለሚነበብበት ርቀት ስለሆነ ለዳሽቦርዱ አይመችም፣ ለመንገዱ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። በ60 ዓመቱ ወደ ዓይኑ ውስጠኛ ግድግዳ የሚደርሰው ብርሃንም በ20 ዓመቱ ይደርስ ከነበረው ሲሶ ገደማ ነው። ዳሽቦርዱን የሚነድፉት ሰዎች ግን ሥራቸውን በአብዛኛው የሚያዩት ደማቅ ብርሃን ባለው ቢሮ ውስጥ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው፣ የፈለጉትን ያህል ጊዜ ወስደው ነው። ሹፌሩ ያን ጊዜ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የዚያው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት መመሪያ፣ ሹፌር በመኪናው ውስጥ ባለ መሣሪያ የሚሠራው አንድ ተግባር ዓይኑን በአንድ ጊዜ ከ2 ሰከንድ በላይ ከመንገድ እንዳያነሣበት ይመክራል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ2 ሰከንድ ከ44 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ይህም በገጠር መንገድ ላይ ሕፃን ልጅም ሆነ ከብት ሮጦ አስፋልት ለመግባት ከበቂ በላይ ነው።

መጠኑ ግን የነገሩ መጀመሪያ ብቻ ነው። በትልቁ ተጽፎና ደምቆ በርቶ እንኳ ሹፌሩን የሚያሳስት ማስጠንቀቂያ አለ፤ ከሁሉም አብልጦ የሚያሳስበኝ የፍሬኑ መብራት ነው።

በብዙ መኪኖች ላይ አንዲት ቀይ መብራት ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ የእጅ ፍሬን ሲያዝ ትበራለች፣ የፍሬን ዘይት ሲጎድልም የምትበራው እሷው ናት። የፍሬን ሸራ እየሳሳ ሲሄድ ሸራውን የሚገፉት ፒስተኖች ወደ ፊት ስለሚወጡ ዘይቱ ከማጠራቀሚያው ወርዶ ቦታቸውን ይሞላል፤ በማጠራቀሚያው ውስጥ የሚንሳፈፈው ጠቋሚም አብሮት ይወርዳል። ታዲያ መብራቷ መጀመሪያ ላይ በቋሚነት አትበራም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን ሹፌር እናስብ፤ መኪናው ወደ ታች ደፍቷል፣ ፍሬን በያዘ ወይም በጠመዘዘ ቁጥር ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይዘነበላል፣ መብራቷም ብልጭ ትልና ትጠፋለች። ሹፌሩ በዚያች ቅጽበት የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ እጁን ሰድዶ የእጅ ፍሬኑን ወደ ታች ይጫነዋል። ኩርባው ሲያልቅ መብራቷ ስለምትጠፋ እሱም በመጫኑ የጠፋች ይመስለዋል፣ በሚቀጥለው ኩርባም ይኸንኑ ይደግማል። እንዲህ እያለ ሸራው አልቆ ብረት ከብረት ጋር መፋጨት እስኪጀምር ድረስ ይነዳል፤ ዘይቱን ያጎደለው የሸራው መሳሳት ሳይሆን የሚያፈስ ቱቦ ከሆነ ደግሞ ፔዳሉ ከእግሩ ሥር የሚሰምጠው እዚያው ቁልቁለት ላይ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጠቋሚው ሠርቷል፣ ሽቦው ሠርቷል፣ አምፖሉም በርቷል፤ ሹፌሩም አይቷል፣ ባየውም ላይ ተመሥርቶ እርምጃ ወስዷል። የተበላሸው ነገር አንድ ምልክት ለሁለት ጉዳይ መዋሉ ነው፤ አንዱ በእጅ የሚስተካከል ተራ ነገር፣ ሌላው ነፍስ የሚያጠፋ አደጋ። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ የእጅ ፍሬኑ በክብ ውስጥ ባለ የ«ፒ» ፊደል፣ የዘይቱ በክብ ውስጥ ባለ ቃለ አጋኖ፣ በሁለት የተለያየ ቦታ ቢበሩ ግማሹ ችግር ይቃለላል፤ ይህን የሚያደርጉ አምራቾችም አሉ። ቀሪው ግማሽ ለሶፍትዌር ቀላል ሥራ ነው። የዘይቱ ጠቋሚ ለግማሽ ሰከንድ እንኳ ጉድለት ካሳየ መብራቱ ወዲያው ሳይጠፋ ሹፌሩ በእርጋታ እስኪያየው ድረስ ሊቆይ፣ መኪናውም ሲቆም በጽሑፍ ሊደገም ይችላል።

ስለ ምልክቶቹና ስለ ቀለማቸው አይኤስኦ 2575 የተባለው ደረጃ ግልጽ ሥርዓት አስቀምጧል። ቀይ ሰው ላይ አደጋ ሊደርስ ወይም መኪናው ክፉኛ ሊጎዳ መሆኑን፣ ቢጫ አንድ ነገር ከተለመደው ልክ መውጣቱን ወይም መበላሸቱን፣ አረንጓዴ ሥራው በደኅና እየሄደ መሆኑን ያመለክታል፤ ሰማያዊ ደግሞ ለረጅሙ መብራት የተተወ ነው። ሥርዓቱ መልካም ነው፤ ሆኖም ቀለም ብቻውን ሸክሙን አይችለውም። ዘራቸው ከአውሮፓ ከሆኑ ወንዶች መካከል 8 በመቶ ያህሉ ቀይንና አረንጓዴን አጥርተው አይለዩም፤ በእኛም ዘንድ እንዲህ ያለ ዓይን ያላቸው ሹፌሮች አሉ፣ አንዳንዶቹም ይህን ሳያውቁት ዘመናቸውን ይነዳሉ። ስለዚህ ቀዩ ማስጠንቀቂያ ከቢጫው በቅርጹም፣ በቦታውም፣ በመጠኑም መለየት አለበት።

ከቀለም ይልቅ የከፋው የብልጭታ ጉዳይ ነው። «ቼክ ኢንጂን» የምንለው ቢጫ መብራት በቋሚነት ሲበራ ሹፌሩ እየነዳ ቆይቶ ጋራዥ መሄድ ይችላል፤ ብልጭ ድርግም ሲል ግን ሞተሩ ነዳጁን በትክክል እያቃጠለ አይደለም፣ ያልተቃጠለው ነዳጅም የጭስ ማጣሪያውን ሊያቃጥለው ነው ማለት ስለሆነ ፍጥነትን ቀንሶ በቶሎ ማቆም ያስፈልጋል። ወደ ጎማው መብራት ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። በቋሚነት ሲበራ ጎማው ነፋስ ጎድሎታል፣ አሁኑኑ መታየት አለበት፤ ቁልፉ ሲከፈት ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ በኋላ ቋሚ ሲሆን ግን የተበላሸው የጎማው ነፋስ መቆጣጠሪያ ራሱ ነው፣ ጎማው ደኅና ሊሆን ይችላል። በአንድ ዳሽቦርድ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ቢጫ ቀለም፣ ብልጭታ በአንዱ ቦታ «ይብሳል»፣ በሌላው ቦታ «ይሻላል» ማለት ሆነ። ሁለቱንም የጻፉት ሰዎች በየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ ነገር ግን ሁለቱን ደንቦች በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያነባቸው አንድ ሹፌር ነው።

የሞተር ዘይቱን መብራት ደንበኞቼ «ጀበናዋ» ይሏታል፤ እውነትም ጀበና ትመስላለች። ቅርጿ ስለ ዘይት እንደምትናገር ለማንም ግልጽ ነው፣ ስለ ግፊት እንደምትናገር ግን አይታወቅም። ብዙ ሹፌር «ዘይት ትንሽ ጎድሏል፣ ማታ እጨምራለሁ» ብሎ ይተረጉማታል፤ እሷ ግን የምትለው ዘይቱ ወደሚሽከረከሩት የሞተሩ ክፍሎች በግፊት አልደረሰም፣ በዚህ ሁኔታ ከተነዳ ሞተሩ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ተጣብቆ ይቆማል ነው። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች የዘይት መጉደልን በቢጫ ጀበና ከሥሯ የሞገድ መስመር ጨምረው፣ የግፊትን ማነስ በቀይ ጀበና ይለያሉ። ልዩነቱ ለመሐንዲስ በቂ ቢሆንም፣ ለሹፌር ሞተሩን አጥፋ የሚል ትእዛዝ ከጎኑ ካልታከለ አይበቃም።

ሌላው የምታገለው ነገር የመብራቶች መብዛት ነው። አንዲት የጎማ ፍጥነት መቁጠሪያ ሴንሰር ስትበላሽ ኤቢኤሱ ይበራል፣ የመንሸራተት መከላከያው ይበራል፣ የዳገት መያዣው ይበራል፤ በአንዳንድ መኪናም የፍሬኑ ቀይ መብራት ይከተላል። ሹፌሩ አራት ነገር የተበላሸበት መስሎት ይደነግጣል፤ ወይም ደግሞ አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ምንም ሳይደርስበት ስለቀረ ሁለተኛ ጊዜ ከናካቴው አያየውም። ኮምፒውተሩ ምንጩ አንድ መሆኑን እያወቀ አራቱንም ማብራቱ ለአምራቹ ከተጠያቂነት ያድነው ይሆናል፤ ለሹፌሩ ግን ዋናውን አንድ መልእክት ከፊት አድርጎ የቀሩትን ከኋላው ማሰለፍ ይሻለው ነበር።

ይህ ሁሉ በእኛ አገር በቅርብ ጊዜ አዲስ መልክ ይዟል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በብዛት እየገባ ነው፤ ብዙዎቹም ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ፎልክስዋገን አይዲ 6 ለምሳሌ የተሠራው ለዚያ ገበያ ነው፣ በአዲስ አበባ ግን በየመንገዱ ይታያል። ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ የሚቀይሩ ባለሙያዎች ቢኖሩም ሁሉም መኪና አይቀየርም፣ የተቀየረውም ሁሉም መልእክት አብሮ አይቀየርለትም።

ባለፈው ክረምት አንዲት በስልሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ እናት መኪናቸውን መንገድ ዳር አቁመው አስጠሩኝ። ስደርስ በስክሪኑ መካከል ከቢጫ ሦስት ማዕዘን ጋር አንድ መስመር የቻይንኛ ጽሑፍ ተደቅኗል፣ መኪናውም አሁንም አሁንም ይጮኻል። «ልጄ፣ ባትሪው ሊፈነዳ ነው እንዴ የሚለው?» አሉኝ። ጽሑፉን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ሳስተረጉመው የኪስ ቁልፋቸው ባትሪ መድከሙን የሚናገር ሆኖ ተገኘ። «እትዬ፣ መኪናው ደኅና ነው፤ የደከመው የቁልፉ ባትሪ ነው» ስላቸው ጥቂት ዝም ብለው፣ «ለቁልፍ ባትሪ እንዲህ ከጮኸ እውነተኛው ነገር ሲመጣ በምን ድምፅ ሊነግረኝ ነው?» አሉ። ስለ ማስጠንቀቂያ ዲዛይን ከዚህ የበለጠ ጥያቄ ከባለሙያም አልሰማሁም። ጽሑፉን የማያነብ ሰው ሊመራ የሚችለው በድምፁ፣ በቀለሙና በቦታው ነው፤ ሦስቱም ለቀላሉና ለከባዱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ቋንቋውን የሚያውቀው ቻይናዊ ሹፌርም ጽሑፉን አንብቦ እስኪጨርስ ድረስ ከእኚህ እናት አይሻልም። በአንጻሩ በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ጉልበት ሲቀንስ የምትበራው የኤሊ ምልክት ያለ አንዳች ቃል ትገባለች፤ ያየ ሁሉ መኪናው ከእንግዲህ ቀስ እያለ እንደሚሄድ ይረዳል።

ምልክት ይገባ አይገባ እንደሆነ በግምት መወሰን አያስፈልግም። በአሜሪካ ለደኅንነት ምልክቶች የሚሠራበት ኤኤንኤስአይ ዜድ535.3 የተባለው ደረጃ አንድ ምልክት ከተፈተኑት ሰዎች ቢያንስ 85 በመቶው በትክክል እንዲረዱት፣ ትርጉሙን በአደገኛ ሁኔታ ገልብጠው የሚረዱትም ከ5 በመቶ እንዳይበልጡ ይጠይቃል። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ይልቅ ይማርከኛል፤ ምንም ያልገባው ሹፌር ቆሞ ይጠይቃል፣ በተቃራኒው የገባው ሹፌር ግን በልበ ሙሉነት ይነዳል። የእጅ ፍሬኑን እየተጫነ ዓባይን የሚወርደው ሹፌር ከሁለተኛዎቹ ወገን ነው።

ስለ ብርሃን ጥቂት ልበል። ቀትር ላይ ፀሐይ በጎን መስኮት ገብታ ስክሪኑ ላይ ስታርፍ ቀጭን ግራጫ ጽሑፍ ፈጽሞ አይታይም፤ አንዳንድ የፀሐይ መነጽሮችም የስክሪኑን ብርሃን በከፊል ወይም በሙሉ ስለሚያግዱ ሹፌሩ ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ሊያይ ይችላል። ሌሊት ደግሞ የበዛ ድምቀት ዓይንን ያጨልማል። ማሳያ የሚፈተነው በእነዚህ በሁለቱ ጫፎች ላይ ነው።

አሁን ወደ አማርኛ ልምጣ፤ አንዳንድ መኪኖች እዚህ መገጣጠማቸውና ስክሪኖቹም ሶፍትዌር መሆናቸው ማስጠንቀቂያን በአማርኛ መጻፍ የሚቻል አድርጎታል፣ ይህን የሚሠሩ ወጣቶችም እንደሚመጡ አምናለሁ። ፊደላችን ለዚህ ሥራ የራሱ ጥያቄ አለው። ሰ ከሸ፣ ነ ከኘ፣ ተ ከቸ፣ ደ ከጀ የሚለዩት በአናታቸው ላይ ባለች አጭር መስመር ነው፤ ቡ፣ ቢ እና ቤ የሚለዩትም በእግራቸው ላይ በምትቀጠል ትንሽ ቅጥያ ነው። የላቲኑ ትልቅ ፊደል በ3.2 ሚሊሜትር ሊነበብ ቢችል፣ በዚያው ቁመት የተጻፈ የአማርኛ ቃል በመንቀጥቀጥ ላይ ባለ መኪና ውስጥ ይደበላለቃል፤ ሌሊትም ብርሃኑ እየፈሰሰ የፊደሎቹን ቀዳዳ ይደፍናል። በእኔ ግምት በ70 ሴንቲሜትር ርቀት ከ5 ሚሊሜትር በታች መውረድ አይገባም፤ የፊደሉም ዓይነት እንደ ብራና ጽሑፍ ወፍራምና ቀጭን መስመር የሚያፈራርቅ ሳይሆን፣ መስመሩ እኩል የሆነና ቅጥያዎቹ ጎላ ብለው የወጡ መሆን ይኖርበታል።

የዐረፍተ ነገሩ አሠራርም መታሰብ አለበት። በአማርኛ ግሥ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «የፍሬን ዘይት ከሚፈለገው መጠን በታች ስለሆነ ተሽከርካሪውን በአስቸኳይ ያቁሙ» ተብሎ ሲጻፍ ሰዋስዉ ምንም እንከን አይወጣለትም፤ ነገር ግን በአንዲት እይታ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቃላት ብቻ የሚይዘው ዓይን ወደ መንገድ የሚመለሰው ትእዛዙን ሳያገኝ ነው። ስለዚህ ሁለት አጭር ዐረፍተ ነገር ይሻላል። ከላይ በትልቁ «አሁን ያቁሙ»፣ ከሥሩ አነስ ብሎ «የፍሬን ዘይት ጎድሏል»። ለጀበናዋ «ሞተር ያጥፉ»፣ ከሥሩ «የዘይት ግፊት የለም»። ለቋሚው ቼክ ኢንጂን «መንዳት ይችላሉ»፣ ከሥሩ «በዚህ ሳምንት ያስመርምሩ»። ለቁልፉ ባትሪ ደግሞ ምንም ድምፅ ሳይሰማ፣ መኪናው ከቆመ በኋላ ብቻ፣ «የቁልፍ ባትሪ ይቀይሩ»።